ከግድቡ በፊት እንስራው

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ጋሸና ላይ የላሊበላን መንገደኛ ያሰናብትና በደጋው ጀርባ ወደ ምዕራብ ይቀጥላል። ጥቂት ሄዶ ኮንን ያገኛል፤ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በበጋ ለሚያልፍ ሰው አገሩ ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል። ገደሉ የሚታየው ከዳሩ ሲቆሙ ነው። በስተ ደቡብ የዥጣ ሸለቆ ዋድላን ከደላንታ ይለያል። በስተ ሰሜን፣ በመቄት ወገን፣ መሬቱ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

ሐምሌ ሲገባ ግን ሜዳው ሌላ ይሆናል። ጠዋት ጭጋግ፣ ቀትር ላይ ትንሽ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ። እረኞች በጎቻቸውን ነድተው ወደ ጥግ ይሮጣሉ፤ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ይፈስሳል። ከሜዳው መረሬ አፈር የሚወጣው ውሃ ጥቁር ነው፤ ከተዳፋቱ የሚወጣው ቀይ። ታች ሲገናኙ ቡናማ ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ሩቅ ነው። በደቡቡ ወገን የወደቀው ዝናብ በዥጣ ወደ በሽሎ፣ በበሽሎ ወደ ዓባይ ይገባል። በሰሜኑ ወገን የወደቀው ተከዜን ይዞ ወደ ሱዳን ይሻገራል። በዚህ ደጋ ላይ የተለያዩት ውሃዎች እንደገና የሚገናኙት አትባራ ከተማ አጠገብ ነው። አፈሩ ግን እንደ ውሃው ሁሉ እስከዚያ አይዘልቅም፤ በየመንገዱ ይቀራል።

ስለዚህ አፈር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግድብ ነው፤ ስንት ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ ተደፈነ፣ የተርባይኑ ዕድሜ በስንት አጠረ። የሚገባ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ደለል ከየትኛውም ግድብ በፊት የሚደርስበት ቦታ አለ፤ ከእርሻው ግርጌ ካለው ወራጅ የሚቀዳው እንስራ እና ጀሪካን።

ቦኖ የደረሰለት ሠፈር ይሰለፋል። ምንጭ የጎለበተለት መንደርም ከምንጩ ሳጥን ይቀዳል፤ የሳጥኑ ክዳን ካልተሰነጠቀ፣ በላዩ ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተደፈነ። ሁለቱም የሌለው ከወንዝ ይቀዳል። በክረምት ወንዝ ሩቅ አይደለም፤ በየደጁ ነው። የተቀዳው ውሃ ጥግ ይቀመጣል፤ ልጅ ልትጠጣ ጣሳ ይዛ ብትጠጋ እናት «ተይው ልጄ፣ ይረፍ፤ እንዳትነቀንቂው» ትላለች። ማጥለል የሚባለው ይህ ነው፤ ሲያርፍ ከላይ ከላይ ይቀዳል፣ በነጠላ ጫፍም ይጣራል።

ማጥለል ምን ያህል ይሠራል? መልሱ በአፈሩ ቅንጣት መጠን ላይ ያርፋል። የሚሊ ሜትር አምስተኛ የሚሆን የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ የሆነው ደቃቅ አፈር ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ ሲሆን፣ ማለትም ወደ ሸክላነት ሲጠጋ፣ ያችኑ አንድ ሜትር ለመውረድ ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። ቅንጣቱ በግማሽ ባነሰ ቁጥር ጊዜው በአራት እጥፍ ይረዝማል። ከዚያ ያነሰው ጭራሽ የሚወርድ አይመስልም፤ የሸክላ ቅንጣቶች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚሸከሙ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ተያይዘው ከብደው ለመውረድ እምቢ ይላሉ። የዋድላና የደላንታ ሜዳ ደግሞ በብዛት ይህ ሸክላ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያሰምጥ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት የሚያብጠው መረሬ። ማታ ተቀድቶ እስኪነጋ ያደረ ውሃ አሸዋውን ጥሎ ሸክላውን እንደያዘ ይነጋበታል።

ሸክላው ራሱ ሆድ አያሳምም። ነውሩ የሚያስጠጋው ነው። የበሬ እበት፣ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው ዓይነ ምድር፣ ለማሳ የተበተነ ማዳበሪያ፣ ሁሉም ከአፈሩ ጋር ይታጠባል። ባክቴሪያዎች ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቀው ይጓዛሉ፤ ፎስፈረስም እንዲሁ። ውሃው ውስጥ ክሎሪን ሲጨመር ሁለት ነገር ይፈጠራል። ክሎሪኑ ከአፈሩ ጋር የመጣውን ብስባሽ ለማቃጠል ይባክናል፤ የተረፈውም ቅንጣቱ ውስጥ የተሸሸገውን ጀርም አያገኘውም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን የሚጨመርበት ውሃ ድፍርስነቱ ኤንቲዩ በተባለው መለኪያ ከ1 በታች ቢሆን የሚመርጠው፤ አቅማቸው አነስተኛ የሆኑ አቅርቦቶችም ከ5 እንዳይበልጡ ይመክራል። የጎርፍ ውሃ በዚሁ መለኪያ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል።

በየመድኃኒት ቤቱና በየሱቁ የሚታወቀው የ«ውሃ አጋር» ዓይነት የቤት ክሎሪን ውሃው ሲደፈርስ መጠኑ እጥፍ እንዲሆን የሚመከረውም ለዚሁ ነው። እጥፍ ማለት ግን እጥፍ ወጪ ነው፣ ሽታውም ይበረታል፤ ሽታው የበረታበት ልጅ አይጠጣም። አገር ውስጥ የሚመረተው «ቢሻን ጋሪ» የተባለው ዱቄት ሌላ መንገድ ይከተላል፤ አፈሩን ሰብስቦ ያወርደዋል፣ ጀርሙንም ይገድላል። ውሃን በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማዋልም በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የፀሐዩ ጨረር ውሃውን ማለፍ አለበትና ከ30 ኤንቲዩ በላይ ለደፈረሰ አይሆንም። መፈተሻው ቀላል ነው። ጠርሙሱን ጋዜጣ ርዕስ ላይ አቁሞ ከላይ በአፉ ወደ ታች ማየት፤ ፊደሉ ከተነበበ ይሠራል። ችግሩ በዚህ ደጋ ደመናውና ጭቃው የሚመጡት በአንድ ወር መሆኑ ነው።

ወሩ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የወንዝ ውሃ ክረምቱን ሙሉ እኩል አይደፈርስም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደብረ ማዊ ተፋሰስ፣ ከእነርሱ በፊት ደግሞ በአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች የተሰበሰቡ መረጃዎች አንድ ነገር ደጋግመው ያሳያሉ። አንዲት ጣሳ ውሃ የምትይዘው አፈር ከፍተኛ የሚሆነው በክረምቱ መግቢያ፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንዙ ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሃው መጥራት ይጀምራል። ያን ጊዜ እህሉ በቅሏል፣ ሣሩ መሬቱን ሸፍኗል። በሰኔ ግን ማሳው ባዶ ነው። ለጤፍ ሦስት አራት ጊዜ ታርሶ ደቅቋል፤ የዝናቡ ጠብታ በቀጥታ ያገኘዋል።

በመረሬ አገር ደግሞ ባዶነቱ ይረዝማል። ይህ አፈር ክረምት ላይ ውሃ ስለሚያቁር ብዙ ገበሬ አርሶ ይተወውና ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጓያውን ዝናቡ ሲቀንስ በቀረው እርጥበት ይዘራል። እንግዲህ ክረምቱ የሚያልፈው ታርሶ ባልተዘራ መሬት ላይ ነው። በ1980ዎቹ (እ.አ.አ.) መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ከብት ሀብት ማዕከል በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርቶ ነበር፤ መደቡ ውሃውን በመሐል ባለው ቦይ እያንጠፈጠፈ ቀድሞ ለመዝራት ያስችላል። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህንኑ መደብ በእጃቸው ሲያወጡ የኖሩ ናቸው፤ በወሬ ግን የሚጠቀሰው ማሽኑ ነው።

ገበሬው ውሃውን ከማሳው ለማስወጣት በማረሻው የሚያወጣው ፈሰስም የራሱ ጣጣ አለው። ፈሰስ ባይኖር ዘሩ ይታጠባል። ፈሰስ ሲኖር ደግሞ ከአሥር ማሳ የመጣው ውሃ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከታች ያለው ሰው ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፈታል። የመንገድ ቱቦም ያንኑ ያደርጋል። በሸለቆው ከሚወርደው ደለል ትልቁ ድርሻ ከማሳው ገጽ ሳይሆን ከቦረቦሩ ግድግዳ መናድ የሚመጣበት ቦታ አለ፤ ደብረ ማዊ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለመሆኑ ስንት ነው የሚሄደው? የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙ እ.አ.አ. በ1981 ሲጀመር የመጀመሪያ ጣቢያው ደሴ አጠገብ ማይባር ላይ ተከፈተ። ፕሮግራሙን የመራው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.አ.አ.) ያወጣው ግምት ዛሬም ይጠቀሳል፤ ከእርሻ መሬት በየዓመቱ በሄክታር በአማካይ 42 ቶን። አምስት ቶን በሚጭን አይሱዙ ቢቆጠር ከአንድ ሄክታር ስምንት ጭነት ሄዶ ጥቂት ይተርፋል። ይህ ሁሉ ወንዝ አይገባም፤ ብዙው ከተዳፋቱ ግርጌ ያርፋል። ወንዝ የሚገባው ግን ደቃቁ ነው፣ ለመጠጥ ውሃ የሚከፋው።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚከተል አንድ ታሪክ አለ። አገሩ ዱሮ ደን ነበር፣ ከመቶ ዓመት ወዲህ ተራቆተ ይባላል። ይህን ለመፈተን ዋድላ ጥሩ ቦታ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ ደጋ ነው፤ የዥጣን ገደል መንገድ አስወጥተውበታል። በዚያው ዓመት ጄኔራል ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በላስታ በኩል መጥቶ በዋድላ አልፏል። ጦሩ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ጦሩ በተጓዘበት መሥመር የተነሡትን ፎቶግራፎች ይዘው ቦታዎቹን ፈለጉ፣ ከዚያው አቅጣጫ ዳግም አነሡ፤ ውጤቱም እ.አ.አ. በ2009 ታተመ። የ1868ቱ (እ.አ.አ.) ሰሜን ኢትዮጵያ ደን የለበሰ አልነበረም፤ ያኔም የተራቆተ ነበር። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ የሚታየው ዛፍና ቁጥቋጦ ከያኔው ይበልጣል። ለዚህ ድርሻ ያለው ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ የተሠራው እርከንና ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ ነው። ግኝቱ ያለፈውን ዘመን የሚያሳምር ወሬ ቢያበላሽም ለዛሬው ሠራተኛ የሚያኮራ ነው።

የደለልን ነገር ከጥንት ያወቁት ግን ላሊበላን የፈለፈሉት ሰዎች ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ታች የተቆፈሩ ስለሆኑ ዙሪያቸው ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ሲመጣ የተራራው ውሃ ሁሉ ወደ እነርሱ ይወርዳል። ስለዚህ ጣሪያውም የግቢው ወለልም እንዲያዘነብል ተደርጎ ተፈልፍሏል፤ ውሃው በቦይ በዋሻ ተቀባብሎ ወደ ታችኛው ሸለቆ ይወጣል። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች የሚለየው ዮርዳኖስም በሰው እጅ የተበጀ ቦይ ነው። ዘመናት ሲያልፉ ቦዮቹን ያሸነፋቸው ደለል ሆነ። ቦይ ሲደፈን ውሃው ይቆማል፤ የቆመ ውሃ የግድግዳውን ግርጌ ይጠጣል፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ለስላሳ ድንጋይ ይሟሟል፣ ይሰነጠቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.አ.አ.) ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ሲጠግናቸው ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የውሃ መውረጃውን ማጽዳት ነበር። እ.አ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ቅርስ ጤንነት ዛሬም በከፊል በአካፋ የሚጠበቅ ነው።

ንጉሥ ላሊበላ ዓባይን ገድቦ ከግብፅ ሊያስቀር አስቦ ነበር የሚል አፈ ታሪክ የአውሮፓ ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈውታል። ንጉሡ አሰበም አላሰበም ከአገሩ ተራራ ወደዚያ የሚሄደውን አፈር ማንም አልገደበውም ነበር፤ እስከ ቅርብ ጊዜ።

የላሊበላ ጎርፍ ወደ ተከዜ ይገባል። በሸለቆው ውስጥ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ይረዝማል፤ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከሚበልጥ ውሃ ጋር ደለሉንም ያስቀራል። እርሱ ከመሠራቱ በፊት ደለሉ ያለ ከልካይ የሚደርሰው ሱዳን፣ ካሽም ኤል ጊርባ ነበር። እ.አ.አ. በ1964 የተሠራው የጊርባ ግድብ 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፤ ከግማሽ በላዩን ደለል ወሰደበት። ግድቡን ለማዳን ክረምት ላይ በሮቹ ተከፍተው ጭቃው ታጥቦ እንዲወጣ ይደረጋል። በዚያ ወቅት ከግድቡ በታች ዓሣ በብዛት ይሞታል፤ ጭቃው ትንፋሹን ይዘጋዋል፣ በውሃው ውስጥ ያለውም ኦክስጅን ያልቃል። በሱዳን ዓባይ ላይ ያለው ወንድሙ የሮሴሬስ ግድብም አንድ ሦስተኛ ያህል ማጠራቀሚያውን አጥቶ እ.አ.አ. በ2013 በ10 ሜትር እንዲረዝም ሆኗል። በሱዳን ድንበር ላይ ዓባይ በየዓመቱ ከ130 እስከ 140 ሚሊዮን ቶን ደለል እንደሚያሻግር ሲገመት ኖሯል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ የዚያ ደለል ትልቁ ክፍል ማረፊያ አገር ውስጥ ነው። ከዥጣ የወረደውም ጭምር።

ዓሣ ለመጉዳት ግድብ አያስፈልግም። ከኮን በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ቢቀጥሉ የጉና ተራራ ይመጣል፤ ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። በጣና ብቻ ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ወገኖች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ክረምት ላይ ወደ እነዚህ ወንዞች ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ደለል ሲያለብሰው እንቁላሉ አየር ያጣል። ከደለሉ ጋር የሚገባው ፎስፈረስ ደግሞ እ.አ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ የታየውን እንቦጭ ይመግባል።

ከተማ ቢኖሩ ከዚህ ሁሉ መዳን ይቻላል? የአዲስ አበባ ሰው የሚጠጣው የለገዳዲ ውሃ እ.አ.አ. በ1970 ከተሠራው ግድብ ሲነሣ ጭቃማ ነው፤ በማጠራቀሚያው ወራት ቢቀመጥም የማይወርድ ረቂቅ ሸክላ አለበት። ማጣሪያ ጣቢያው በኬሚካል የሸክላውን የኤሌክትሪክ ሙል አጥፍቶ ቅንጣቶቹን እያያያዘ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ክሎሪን። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፣ የሚወገደው ዝቃጭም ይበዛል። ጎንደር የምትጠጣበት የአንገረብ ግድብ ከታቀደለት ፈጥኖ በደለል እየተሞላ አስቸግሯል። በኮምቦልቻ አቅራቢያ በ1980ዎቹ (እ.አ.አ.) የተሠራው የቦርከና ግድብ እንኳን አገልግሎት ሊሰጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተደፈነ። አንድ ኩንታል ጭቃ ማሳው ላይ ማስቀረት ከማጣሪያ ጣቢያ ከማውጣት እንደሚረክስ ለመረዳት ሒሳብ አዋቂ መሆን አይጠይቅም። ግን ማሳው የገበሬው ነው፣ ጣቢያው የከተማው፤ በጀታቸው አይገናኝም።

በማሳው በኩል የሚሠራው አነስተኛ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ገበሬ በየዓመቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ተራራ ላይ ይወጣል። ካብ ይክባል፣ ክትር ይሠራል፣ ውሃ የሚያሰርግ ሥርጭ ይቆፍራል። በሪፖርት የሚነበበው በኪሎ ሜትር ነው። ያ ቁጥር ግን አሮጌውን እርከን አይጨምርም። የክትር ሥራ ደለል መያዝ ነው፤ በደንብ የሠራ ክትር ይሞላል፣ የሞላ ክትር ከፍ ካልተደረገ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ በጎኑ ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። አዲስ መሥራት ለሪፖርት ይመቻል፤ አሮጌውን መጥረግና መጠገን ግን የትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። ከሸለቆው ግርጌ ባለው፣ ክረምት ላይ ውሃ ጠግቦ በሚያብጥ መሬት ደግሞ ሥርጭ መቆፈር ውሃ ወደማይሰርግበት ውሃ ማስገባት ነው። እዚያ የሚሻለው የቦረቦሩን ራስ ማለዘብ፣ ሣር መትከል፣ ከብት ማስወጣት ነው።

ሌላው በሪፖርት የማይገኘው የውሃው ጥራት ራሱ ነው። ተፋሰስ ሲለማ የሚቆጠረው እርከንና ችግኝ ነው፤ ከተፋሰሱ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ጠራ ወይስ አልጠራም ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። መሣሪያው ውድ አይደለም። ጥቁርና ነጭ ምልክት ከታቹ ያለበት፣ በጎኑ ልኬት የተጻፈበት ግልጽ ቱቦ ነው፤ ምልክቱ እስኪጠፋ ውሃ ይሞላል፣ የቆመበት ቁጥር ይጻፋል። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ሊያደርገው ይችላል። በዋድላም ሆነ በላስታ ቢጀመር መለኪያው የሚወጣው ውሃው ሁሉ በሚደፈርስበት በጎርፉ ማግስት ብቻ መሆን የለበትም፤ ከሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ አንሥቶ እስከ መስከረም፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ወራጆች፣ አንዱ እርከኑ ከተጠገነለት ተዳፋት የሚመጣ፣ ሌላው ካልተጠገነለት፣ በሁለት ዓምድ ቢጻፉ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት ላይ የሚነጋገሩበት ነገር ያገኛሉ። ጤና ጣቢያው የሐምሌን የተቅማጥ መዝገብ ቢጨምርበት ሦስተኛው ዓምድ ይሆናል።